ስኬቹ "ቁርጥ እሱን" የሚሆነው ሰውዬው ከተያዘ በኋላ ነው

በአማርኛ የወንጀል ታሪክ የሚተርኩ የዩቲዩብ ቻናሎችን የሚከታተል ሰው ይቺን ቦታ ያውቃታል። ተራኪው ድምፁን ዝቅ ያደርግና በግራ በኩል ምስክር በነገረው መሰረት በእርሳስ የተሳለ የተጠርጣሪ ፊት (ስኬች የሚሉት)፣ በቀኝ በኩል የእስር ቤት ፎቶ አምጥቶ "ቁርጥ እሱን! አይደል እንዴ?" ይላል፣ ከስር ኮመንቱ ይጎርፋል፣ ግማሹ ሰዓሊውን ያደንቃል ግማሹ "ወይኔ እኛ ሀገርም ቢኖር" ይላል። ይቺ የመጨረሻዋ ናት የከነከነችኝ። ባለፈው አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ስናወራ አንድ ወዳጄ፣ ጠበቃ ነው እንዲያውም፣ ፖሊስ ሁለት ጎበዝ ሰዓሊ ቢቀጥር አስርና አስራ አምስት ዓመት አቧራ የጠጡት የግድያ መዝገቦች ግማሾቹ ይፈቱ ነበር ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ደሞ አይፈቱም ባይ ነኝ። ስኬች አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ ግን የቆየ መዝገብ ላይ ከስኬች የምንጠብቀውና ስኬች ሊሰራ የሚችለው ነገር በጣም የተራራቀ ነው።

(የውጭ ታሪኮቹን ዓመት በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ የኛን በኛ።)

መጀመሪያ ያ ግራና ቀኝ አድርጎ ማሳየት ራሱ ሸፍጥ አለበት፣ ሆን ተብሎ ባይሆንም። ያልመሰለውን ስኬች ማን ያሳያችኋል? ካሊፎርኒያ ውስጥ ጎልደን ስቴት ኪለር የሚሉት ሰውዬ ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1986 ድረስ ቢያንስ 13 ሰው ገድሎ፣ በደርዘን የሚቆጠሩ ሴቶች ደፍሮ ሲሰወር ፖሊስ እጅ ላይ የቀረው አንድ ስኬች አልነበረም፣ ብዙ ነው፣ አንዱን ከአንዱ ጎን ብታስቀምጧቸው ወንድማማች እንኳን አይመስሉም። ሰውዬው በኤፕሪል 2018 ሲያዝ የ72 ዓመት ሽማግሌ ሆኗል፣ ለዛውም የቀድሞ ፖሊስ! ያስያዘው ደግሞ ከወንጀል ቦታ ተይዞ የቆየው ዲኤንኤ ነው፣ መርማሪዎቹ ጄድማች የሚባል ሰዎች የዘር ሐረጋቸውን የሚፈልጉበት ዌብሳይት ላይ አስገብተው የሩቅ ዘመዶቹን አገኙ፣ ከዛ የቤተሰቡን ዛፍ እየቆጠሩ ወረዱ ወረዱና እሱ በር ላይ ደረሱ። ከተያዘ በኋላ ታዲያ "አያችሁ፣ ያቺኛዋ ስኬች ትመስለው ነበር" ያለ አልጠፋም። ያን ሁሉ ስለህ አንዷ ባትመስል ነው የሚገርመው።

አሜሪካ ውስጥ በቦምብ ሰው ይገድል የነበረውን ዩናቦምበርንም አስታውሱ። ባለ ኮፍያ ሹራብ፣ ትልቅ ጥቁር መነፅር፣ ፂም፣ በዓለም ላይ ከእሱ የበለጠ የታወቀ የፖሊስ ስኬች ያለ አይመስለኝም፣ ቲሸርት ላይ ሁሉ ታትሟል። አንዲት ሴት በ1987 ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ ቦምቡን ሲያስቀምጥ አየችው፣ ስኬቹ ተሳለ፣ ኋላም በሌላ ሰዓሊ እንደገና ተሳለ፣ አሜሪካ በሙሉ አየው፣ ማንም "እገሌ ነው" አላለም። ምን ያስያዘው መሰላችሁ? በ1995 ጋዜጣ ላይ ያሳተመው ረዥም ጽሑፍ። የገዛ ወንድሙ አነበበና አጻጻፉን አወቀው፣ በኤፕሪል 1996 ተያዘ። ፊቱን ያየ ህዝብ ዝም ሲል ጽሑፉን ያነበበ ወንድም ለየው።

ይሄ ለምን እንደሚሆን ሳይኮሎጂስቶቹ ደህና አድርገው አጥንተውታል። የማናውቀውን ሰው ፊት ስናይ አእምሯችን የሚይዘው ዳር ዳሩን ነው፣ ፀጉሩን፣ የፊቱን ቅርፅ፣ ኮፍያውን። የምናውቀውን ሰው የምንለየው ግን በመሃሉ ነው፣ በዓይኑ፣ በአፍንጫው፣ በአፉ። አሁን ችግሩን እዩት። ስኬች የሚያሰራው ምስክሩ ነው፣ ሰውዬውን አያውቀውም፣ አንድ ጊዜ ነው ያየው፣ እሱም በጨለማ ይሁን በድንጋጤ። ስኬቹን አይቶ "ይሄማ እገሌ ነው" ማለት ያለበት ደግሞ ሰውዬውን የሚያውቅ ሰው ነው፣ ጎረቤቱ፣ የስራ ባልደረባው፣ የቀድሞ ሚስቱ። ምስክሩ ፀጉርና የፊት ቅርፅ ይሰጣል፣ ጎረቤት የሚፈልገው ዓይንና አፍንጫ ነው። ፀጉር ደግሞ ነገ ይላጫል።

እንግሊዝ ሀገር ባጠኑት አንድ ጥናት ሰዎች የማያውቁትን ፊት አይተው ከሁለት ቀን በኋላ በስኬችም በኮምፒውተርም ምስሉን አሰሩ፣ ከዛ ምስሎቹ ባለቤቶቹን ለሚያውቁ ሰዎች ሲታዩ በትክክል ስም የተጠራባቸው ከመቶ አስር እንኳ አልሞሉም። (በእጅ የተሳለው ከኮምፒውተሮቹ ትንሽ ይሻል ነበር፣ ሰዓሊዎች ደስ ይበላችሁ።) ይሄ በሁለት ቀን ነው! የቆየ መዝገብ ስትሉ አስር ዓመት፣ አስራ አምስት ዓመት ነው የምታወሩት፣ ያኔ ያልተሳለ ስኬች አሁን ይሳል ቢባል ምስክሩ የሚነግራችሁ ያየውን ፊት ሳይሆን ባለፉት ዓመታት ስንቴ ሲያስበው የኖረውን ፊት ነው። የባሰው ደግሞ ምስክርን ቁጭ አድርጎ ፊት ማሰራት ራሱ የነበረችውን ትዝታ ሊያበላሽ ይችላል፣ ኋላ ተጠርጣሪዎች ተሰልፈው ለይ ሲባል ይሳሳታል፣ ይሄም በሙከራ ታይቷል።

አላምንም ካላችሁ ሞክሩት። እኔና አንድ ጓደኛዬ ሞክረነዋል። ቸርችል ጎዳና ወደ ፖስታ ቤት ስትወርዱ ከጉርድ ፎቶ እያየ በእርሳስ ፖርትሬት የሚስል ልጅ አለ፣ እጁ ወርቅ ነው፣ የእናትህን ፎቶ ሰጥተኸው ስትመለስ ታለቅሳለህ። ጓደኛዬ ሚኒባስ መስኮት ላይ ስልኳን የመነተፋትን ልጅ እንዲስልላት ነገረችው። "ጠይም ነው" አለች። "እሺ" አለ ልጁ፣ እርሳሱን ሳያነሳ። "መካከለኛ ቁመት"። "ቁመቱን ተይው ፊቱን ንገሪኝ"። "ፊቱ ያው... ቀጠን ያለ፣ አፍንጫው ደህና ነው"። "ደህና ማለት?" ሳቀች፣ ሳቀ። ሰልካካ ነው ደፍጣጣ፣ ቅንድቡ ገጠመ አልገጠመም፣ ግንባሩ ወጣ ያለ ነው ወይ፣ ጥርሱ ፍንጭት ነው ወይ፣ ብቻ ሲጠይቃት ሲጠይቃት ለሁሉም "መሰለኝ" ነበር መልሷ። ሲጨርስ ወረቀቱን አዞረላት፣ ትክ ብላ አየችውና "ውይ፣ ይሄ እኮ የአክስቴ ልጅ ነው!" አለች። ልጁ ሳይቀየም "ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነው የሚነግረኝ" ብሎ ሂሳቡን ተቀበለ። እኔ ከሃያ ጥናት የበለጠ የገባኝ ያን ቀን ነው። "ጠይም፣ መካከለኛ ቁመት፣ ቀጠን ያለ" ብሎ ቃል የሰጠ ምስክር ከለገሃር እስከ ጊዮርጊስ ያለውን ወንድ ግማሹን እኮ ነው የጠቆመው።

አሁን ደሞ ስኬች የሚገባውን ክብር ልስጠው፣ ሸፍጥ እንዳይሆንብኝ። ሂውስተን ውስጥ ሎይስ ጊብሰን የምትባል ሰዓሊ ለአስርት ዓመታት ከፖሊስ ጋር ሰርታ ስዕሎቿ ከ750 በላይ ሰው በመለየት ረድተዋል ተብሎ ጊነስ ላይ ተመዝግባለች። እሷ ራሷ በወጣትነቷ ጥቃት ደርሶባት ለጥቂት ከሞት የተረፈች ሰው ናት፣ ስለዚህ ተጎጂ ፊት ቁጭ ስትል እንዴት ማዳመጥ እንዳለባት ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። ለንደንም በ1961 የአንድ ገዳይ ፊት ከተዘጋጁ የዓይን፣ የአፍንጫና የአፍ ስዕሎች ተገጣጥሞ ከተሰራጨ ከቀናት በኋላ አንድ ተራ ፖሊስ መንገድ ላይ አይቶ ለይቶት ያዘው። ግን ልብ በሉ፣ እነዚህ በቀናት ውስጥ የተሰሩ ናቸው፣ ትዝታው ትኩስ ነው፣ ሰውዬውም ገና እዛው ሰፈር ነው።

እንደሚመስለኝ የኛ አባቶች ይሄን ልዩነት ያውቁት ነበር። አውጫጭኝ የሚባል ነገር ነበረ፣ ወንጀል ተፈጽሞ ጥፋተኛው ሲጠፋ ሀገሬው አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ማን እንዳደረገው እስኪወጣ ወደ ቤት የለም። አስጨናቂ ነው ግን የሚጠይቀው የሚያውቀውን ሰው ነው። በሌላ በኩል ሌባሻይ ነበረ፣ ለአንድ ልጅ የሆነ ነገር ያጠጡትና ያሰክሩታል፣ ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁታል፣ እየሮጠ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፣ አለቀ። ደግ የሆነው ስኬች አውጫጭኝ ነው፣ ክፉው ስኬች ሌባሻይ ነው። ልዩነቱ ስዕሉ ላይ የለም፣ ማን ያየዋል እና ካየው በኋላ ምን ይደረጋል የሚለው ላይ ነው።

ሁለቱንም ባንድ መዝገብ ላይ ማየት የሚፈልግ ኦክላሆማን ይመልከት። በኤፕሪል 1995 የመንግስት ሕንፃ ላይ በፈነዳው ቦምብ 168 ሰው አለቀ። መኪናው የተከራየበት ሱቅ ሰራተኞች በነገሩት መሰረት ኤፍቢአይ ሁለት ፊት አሳለ። የመጀመሪያውን ይዘው ሰፈሩ ውስጥ ሲጠይቁ አንዲት የሞቴል ባለቤት "ይሄ እኛ ጋር አርፎ ነበር" አለች፣ መዝገቧን ገለጠች፣ ቲሞቲ ማክቬይ፣ በእውነተኛ ስሙ ነው የተመዘገበው። (ሰውዬው ለነገሩ ፍንዳታው በፈነዳ በሰዓት ተኩል ውስጥ ታርጋ በሌለው መኪና ሲሄድ በትራፊክ ተይዞ እስር ቤት ቁጭ ብሎ ነበር።) ይሄ ስኬች በትክክል ሰራ፣ ትኩስ ነው፣ የሚያውቅ ሰው ዓይን ላይ አረፈ። ሁለተኛው ስኬችስ? ሀገር ምድሩ ተፈለገ፣ ስንት ሰው ተጠቆመ፣ ኋላ ሲጣራ ማክቬይ መኪናውን በወሰደ ማግስት እዛው ሱቅ መኪና ሊከራይ የሄደ ምንም የማያውቅ ወታደር ሆኖ ተገኘ። የምስክሩ ትዝታ ሁለት ቀን አቀላቅሎበት ነው። ያቺ ወረቀት ዛሬም የሴራ ትንተና ይመረትባታል።

ያ ወታደር እድለኛ ነው። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ሮናልድ ኮተን የሚባለው ሰው ግን እድለኛ አልነበረም። በ1984 የተደፈረች አንዲት ተማሪ ከተረፍኩ አሲዘዋለሁ ብላ ሆን ብላ የሰውዬውን ፊት አጠናች፣ ከዛ ከፖሊስ ጋር ምስሉን አሰራች፣ ከፎቶዎች መሃል ኮተንን ለየች፣ ከተሰለፉት መሃልም ለየች፣ ችሎት ላይም እርግጠኛ ነኝ አለች። ከአስር ዓመት በላይ ታሰረ። በመሃል እውነተኛው ደፋሪ ራሱ ችሎት ቀርቦ ፊት ለፊቷ ሲቆም "አይቼው አላውቅም" ነው ያለችው። በ1995 ዲኤንኤው ነፃ አወጣው። ሴትዮዋ አልዋሸችም እኮ፣ ይሄ ነው የሚያስፈራው። አሜሪካ ውስጥ በዲኤንኤ ነፃ ከወጡ ሰዎች ከመቶ ወደ 70 በሚጠጋው መዝገብ ላይ የዓይን ምስክር ስህተት አለበት።

የቆየ መዝገብ ስኬች ይፈታዋል ለሚል ሰው ግን እኔ የማቀርበው ዴልፋይን ነው፣ ኢንዲያና ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ። በፌብሯሪ 2017 ሁለት ታዳጊ ልጆች ተገደሉ። በዛው ዓመት አንድ ስኬች ወጣ፣ ጎልማሳ መሳይ። በ2019 ደሞ ሌላ ስኬች ወጣ፣ ወጣት፣ ከመጀመሪያው ጋር የማይመሳሰል፣ ፖሊስም ትኩረታችሁን እዚህኛው ላይ አድርጉ አለ። ኢንተርኔት አበደ፣ ስንት ምስኪን ሰው ፎቶ ከስኬቹ ጎን ተለጥፎ "ቁርጥ እሱን" ተባለ። በ2022 የተያዘው ሰውዬ እዛው ከተማ ፋርማሲ ውስጥ የሚሰራ የ50 ዓመት ሰው ነው። ከየት አገኙት? ከመዝገቡ! ግድያው በተፈጸመ በቀናት ውስጥ ራሱ ሄዶ "የዛን ቀን እዛ መንገድ ላይ ነበርኩ" ብሎ ለባለስልጣን ተናግሯል፣ ወረቀቱ ያለቦታው ተቀምጦ ከአምስት ዓመት በላይ ማንም አላየውም። በ2024 ጥፋተኛ ተብሎ 130 ዓመት ተፈረደበት። ሀገር ሁለት ስዕል ላይ ሲጨቃጨቅ መልሱ ፋይል ውስጥ ተኝቷል። ብዙ ሴቶች የገደለው አሜሪካዊ ቴድ ባንዲ ላይም እንደዚሁ ነው የሆነው፣ በ1974 ስኬቹ ሲወጣ የፍቅር ጓደኛውን ጨምሮ የሚያውቁት ሰዎች ስሙን ጠቁመዋል፣ ግን በሺ የሚቆጠር ጥቆማ መሃል ተውጦ ቀረ። ስኬቹ ሰርቶ ነበር በሉት፣ የጎደለው ጥቆማውን ቁጭ ብሎ የሚያጣራ ሰው ነው።

እኛ ጋ ስንመጣ ሌላ ጣጣም አለ። ስኬች የሚኖረው ጎረቤት ሲኖር ነው። ፒያሳ ውስጥ ከአስር ዓመት በፊት ሰው ተገደለ እንበል፣ ዛሬ ስኬች ተገኘ ተብሎ ቢለጠፍ ማን ነው የሚያየው? ዶሮ ማነቂያ የለም፣ ሰራተኛ ሰፈር ተነስቷል፣ የካዛንቺስ ሰው ገላን ጉራ ነው ያለው፣ ያኔ ማን ከማን ጋር እንደሚውል ታውቅ የነበረችው ባለ ሱቅ፣ ማታ ማን ሰክሮ እንደሚገባ የሚያውቀው ዘበኛ፣ ሁሉም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። የቆየ መዝገብ ያለው መርማሪ እዚህ ከተማ ውስጥ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የስዕል ወረቀት አይመስለኝም፣ የድሮ ሰፈሩን ሰዎች አዲስ አድራሻ ነው። የእድሩ መዝገብ ከየትኛውም ሶፍትዌር ይሻላል።

የሚያስፈራኝ ደግሞ አሁን የመጣው ነገር ነው። በኦክቶበር 2022 የካናዳዋ ኤድመንተን ፖሊስ ከ2019 ያልተፈታ የመድፈር መዝገብ ነበረውና ከዲኤንኤ ፊት ይሰራል የሚባል ድርጅት ጋ ላከው። ዲኤንኤው ምን አለ? ዘሩ ሙሉ በሙሉ ምስራቅ አፍሪካዊ ነው። ወጣ ምስሉ፣ እና እመኑኝ እዩት፣ ቦሌ ላይ በቀን ሃያ ጊዜ የሚያልፋችሁ ልጅ ነው። ዕድሜው 25 ክብደቱም መካከለኛ ተደርጎ በግምት ነው የተሰራው ምክንያቱም ዲኤንኤ ዕድሜም ጠባሳም የፀጉር አቆራረጥም አይናገርም። ኤድመንተን ውስጥ ስንት ሀበሻ እንዳለ አስቡት። ጩኸቱ ሲበዛ ፖሊስ በሁለት ቀን አንስቶ ይቅርታ ጠየቀ። እሺ እነሱ ይቅርታ ጠየቁ፣ እኛ ጋ አንዱ ተነስቶ "ጠይም፣ ቀጠን ያለ" ብሎ ኤአይ ላይ ጽፎ ፎቶ የሚመስል ፊት አውጥቶ ቲክቶክ ላይ ቢለቀው ማን ነው የሚያነሳው? የእርሳስ ስዕል ቢያንስ ስዕል መሆኑን ይናገራል፣ ተጠራጠሩኝ ይላል። ይሄኛው ፎቶ መስሎ ነው የሚመጣው፣ ኮመንት ላይ አድራሻ የሚያወጣ አይጠፋም፣ ከዛ ድንጋይ። ሌባሻይ በዋይፋይ በሉት።

ሰዓሊ ይቀጠር ከተባለ ግን እኔ ስራ አለኝ ለሱ። ሳሙኤል ሊትል የሚባል አሜሪካዊ 93 ሰው ገድያለሁ ብሎ ሲያምን፣ ኤፍቢአይም ቢያንስ 50ውን አረጋግጧል፣ ስማቸውን የማያውቃቸውን ሴቶች እስር ቤት ቁጭ ብሎ በቀለም ሳላቸው፣ ኤፍቢአይም ስዕሎቹን አወጣ ቤተሰብ እንዲለያቸው። ሰይጣናዊ ነው ግን አንድ ነገር ያሳያል፣ ስም የሌለው ሟችን መሳልም አለ። እኛ ጋ ማንነቱ ሳይታወቅ ምኒልክ ሆስፒታል የሚገባ አስከሬን ይኖራል፣ የሟችን ፎቶ እንዳለ ማሰራጨት ይከብዳል፣ ሰዓሊ ግን ፊት ለፊቱ ካለው ፊት ላይ ነው የሚስለው፣ ከማንም ትዝታ አይደለም፣ ዓይኑን ከፍቶ ቁስሉን አጥፍቶ ቤተሰብ በሚያውቀው መልክ ሊያወጣው ይችላል። ሟቹ ማን እንደሆነ ሲታወቅ ደሞ ከማን ጋር እንደነበረ መጠየቅ ይጀመራል። አለ ፈለገ ሰላም የስነ ጥበብ ት/ቤት እዚሁ አፍንጫችን ስር ነው፣ የሰው ፊት ሲያጠኑ የሚውሉ ልጆች ናቸው።

ለተጠርጣሪ ከሆነ ደግሞ ስኬቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይሰራ፣ ምስክሩ በራሱ ቃል ያለው ሁሉ ሳይቆራረጥ አብሮ ይጻፍ፣ ምስክሮች ብዙ ከሆኑ ለየብቻ ይሳልላቸው፣ አንድ ላይ አስቀምጦ ማማከር የለም። ፍርድ ቤት እንደ ማስረጃ እንዳይቀርብ። ይሄው ነው፣ ከዚህ በላይ ብዙ አያወዛግብም።

የቆዩት መዝገቦች ላይ ግን ጊዜ የለንም፣ ይሄን ነው ሰው የማያወራው። አሜሪካ ውስጥ ግድያ ይርጋ (የክስ ጊዜ ገደብ) የለውም፣ በአርባ ዓመቱም ይከሰሳል። የኛ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን ይርጋ አለው፣ ሞት ወይም ዕድሜ ልክ ለሚያስቀጣ ከባድ ግድያ 25 ዓመት፣ ለተራው ግድያ 20። ማስረጃ አልበቃ ብሎ ዐቃቤ ሕግ በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 42/1/ሀ የዘጋው የ1998 ዓ.ም. ተራ ግድያ፣ ማንም ዞር ብሎ ካላየው 2018 ላይ ያልፍበታል፣ ከዛ ወዲያ ሰውዬው ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ቆሞ "እኔ ነኝ" ቢል ክስ የለም። ሕጉ ግን መውጫ ትቷል፣ ምርመራውን የሚያራምድ ትዕዛዝ ወይም ድርጊት ከተፈጸመ ቆጠራው ይቋረጥና እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ ለሰዓሊ ይውጣ የተባለው ደሞዝ መጀመሪያ መዝገብ ቤት ገብተው የ1998ን፣ ከዛ የ1999ን ፋይሎች አንድ በአንድ የሚያነቡ፣ ያልተጠየቀ ምስክርና ያልተጣራ ጥቆማ የሚለቅሙ ሁለት መርማሪዎች ይቀጠሩበት፣ ስንት መዝገብ እንዳለም ቆጥረው ይንገሩን።